ዝግጁ ሰው

ይሳቅ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ተሰፍቶ የመጣ ልብስ ያሳጥራል፣ ያጠብባል። ሰው ፊት መናገር አይሆንለትም።

ኑሀሚን የመጣችው ቀሚስ ልታስጠብብ ነው። እሱ ሲለካ እሷ ታወራለች። እሑድ እሑድ ጓደኞቿን ሰብስባ ጨዋታ እንደምታጫውት ነገረችው። እያንዳንዱ የሌላ ሰው ሕይወት ይዞ ጠረጴዛ ከብቦ ይቀመጣል፤ ዳይስ የሚሉት ባለ ቁጥር ጠጠር ይጣላል፤ ታሪኩን እሷ ትመራለች።

«ና፤ ትወደዋለህ» አለችው።

ሄደ። የጨዋታው ሕግ የተጻፈበት መጽሐፍ ለትራስ ይበቃል። አንድ ሰው ከባዶ ለመፍጠር ቀኑ ይመሻል። ስለዚህ ለጀማሪዎች ዝግጁ ሰዎች ሠርታለች፤ ጉልበታቸው፣ ጠባያቸው፣ መነሻ የሚሆኗቸው ንግግሮች ሳይቀሩ ካርቶን ላይ ተጽፈዋል። ይሳቅ የግመል ቅፍለት መሪውን አነሣ። ደፋር፣ አንደበቱ የተባ ሰው ነው።

«አቦ፣ ዝግጁ ወሰድክ?» ብሎ ሳቀ ከተጫዋቾቹ አንዱ፣ ባጃጅ ነጂው ዋይስ። «ልብስ ሰፊ ሆነህ ሰልባጅ ለበስክ!»

ይሳቅ ካርቶኑን ይዞ ተቀመጠ። ጨዋታው ሲጀመር ከካርቶኑ እያነበበ ተናገረ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ኑሀሚን ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗን ከእሱ ላይ ቶሎ አላነሣችም።

ከዚያ በኋላ እሑድ አልቀረም። ከጨዋታው በኋላ እስከ ቤቷ ደጃፍ ይሸኛት ጀመር። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ደጃፏ ካለው ዛፍ ሥር ቆመች።

«ይሳቅ፣ እኔ ለአንተ ምንድን ነኝ?»

የራሱን ቃል ፈለገ፤ አጣ። የመጣለት የቅፍለቱ መሪ ንግግር ነው።

«በረሃ ውስጥ የምመካው በውሃ አይደለም፤ አብሮኝ በሚሄድ ሰው ነው።»

ፈገግታዋ ጠፋ።

«እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የገዛ ቃሌን መልሰህ ትሰጠኛለህ? እኔ የጠየቅሁት አንተን ነው።»

ትታው ቤት ገባች። ይሳቅ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

በማግስቱ ዋይስ እንዲያጥርለት ሱሪ ይዞ መጣ። ይሳቅ የሆነውን ነገረው።

«ወላሂ አንተ ጉድ ነህ!» አለ ዋይስ። «ይሄን ሱሪ እግሩን ሳትቆርጥ ብትሰጠኝ እለብሰዋለሁ? ዝግጁውን ወሰድክ፤ መቼ በልክህ አደረግከው?»

ይሳቅ መቀሱን አንሥቶ የሱሪውን እግር ቆረጠ።

እሑድ ጠረጴዛው ዙሪያ እንደተቀመጡ ካርቶኑን ወደ ኑሀሚን ገፋው።

«የቅፍለቱ መሪ ሰው ፊት ሲናገር ያልበዋል። እዚህ ላይ የለም። ልጨምረው?»

ኑሀሚን እርሳስ አቀበለችው።

«ጨምረው» አለች ቀስ ብላ።

የዚያን ቀን የቅፍለቱ መሪ ተንተባተበ፤ ሰው ሳቀበት፤ ግመሎቹን ግን ውሃ ላይ አደረሰ። ሲሸኛት እጁን ያዘችው።

«ሽማግሌ ልከህ አባባን አስጠይቅ» አለችው። «ግን የመጣ ሽማግሌ መልሰው ያውቃሉ።»

አባቷ አቶ ካሣ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ገቡ። ወጉ ስለሆነ ይሳቅ አልገባም፤ ውጭ በዋይስ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ በቀለ፣ ተነሥተው የለመዱትን ጀመሩ።

«ልጅዎን ለልጃችን…»

«ጋሽ በቀለ፣ ይቀመጡ» አሉ አቶ ካሣ። «ይህን ንግግር እኔም ለሌላ ሰው ልጅ ሽምግልና ሄጄ ብዬዋለሁ። ለማንም ልክ ይሆናል። ልጁ የት ነው? ራሱ ይናገር።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር አልገጠማቸውም። ይሳቅ ተጠርቶ ገባ። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«በረሃ ውስጥ የምመካው…» ብሎ ጀመረ።

የጓዳው መጋረጃ ተነቃነቀ። ይሳቅ አቆመ።

«ይቅርታ አባቴ፤ ይሄ የኔ አይደለም፤ የኑሀሚን ነው። እኔ ሰው ፊት ስናገር ያልበኛል፤ ይኸው ያዩታል። ልብስ አጠብባለሁ፣ አሳጥራለሁ። እሷ በመንገዱ ስታልፍ ስፌቴ ይጣመማል፤ ፈትቼ እንደገና እሰፋለሁ። አብሬያት ልኑር። ሌላ የምለው የለኝም።»

አቶ ካሣ ወደ ጓዳው ዞሩ።

«ኑሀሚን!»

«አቤት አባባ» ብላ ከጓዳ ወጣች።

«ለእሑዱ ጨዋታ አንቺ የሠራሽው ሰው ይሄ ነው?»

«መነሻውን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች ይሳቅን እያየች። «ይሄኛውን ግን ራሱ ነው የሠራው።»

አቶ ካሣ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ሌላ ቀጠሮ አልሰጥም።»

ጋሽ በቀለ ዱላቸውን ይዘው ለመሄድ ብድግ አሉ።

«ወዴት? ቀጠሮ ምን ይሠራል? ልጄን ሰጥቻለሁ!»

እልልታው ደጅ ሲደርስ ዋይስ የባጃጁን ጥሩንባ ለቀቀው። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ።

አቶ ካሣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ልጃቸውን ጠየቁ።

«እሑድ ብመጣ ለእኔስ ዝግጁ ሰው ይኖርሻል?»

«አለኝ» አለች ኑሀሚን። «በልክዎ አማችዎ ያስተካክልልዎታል።»