ሠላሳ አንድ ቁጥርን የገለበጥኩ ቀን

በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው።

ማመን የማይፈልግ አይመን፣ አልቀየምም። እኔም ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው "አይ የሰው ወሬ!" ብዬ አልፈው ነበር። ግን በራሴ ላይ ደረሰ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ስልሳ ሰው በጫነች የወንዝ ሽርሽር መርከብ ላይ።

እህቴን የሚያውቁ ሁሉ "ወንዝ ውስጥ ወድቃ ነው" ይላሉ። ፖሊስም እንደዚያ ነው የጻፈው። እኔ ግን ወዴት እንደሄደች በዓይኔ አይቻለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እናታችን ስትሞት እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ሠላሳ ዓመት ልብስ ስፌት አስተምራ ጡረታ ወጣች። ብዙም ሳትቆይ ቀኝ ጉልበቷ ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ከዚያ ወዲህ እግሯ አይታጠፍም። ሐኪሙ "አየር ለውጪ" ሲላት የአምስት ቀን የወንዝ ጉዞ መረጠች። እኔም አብሬያት ሄድኩ።

እኔ የአውቶቡስ ስምሪት ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ሰዓት እያዩ "ሞልቷል፣ ሂድ!" ማለት ነው። ደቂቃ ሲባክን ያመኛል። እትዬ ሁልጊዜ "አንቺ ቀዥቃዣ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ትለኛለች።

ጉዞው ደስ ይላል፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ሻንጣችሁን አንዴ ትፈታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ከተማው ራሱ መስኮታችሁ ድረስ ይመጣል። መንደሩ፣ ዛፉ፣ ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች... ሁሉም ተራ በተራ ያልፋሉ። የመኪና ግፊያ የለ፣ ጡሩምባ የለ። እትዬ ላይኛው ፎቅ ላይ እግሯን ዘርግታ ቁጭ ትልና፣

"አየሽ? ሳልራመድ አገር አቋረጥኩ!" እያለች ትስቃለች።

እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

መርከቧ አንድ ደንብ አላት። መግቢያው ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ቁጥሩ የተጻፈባት ትንሽ ቆርቆሮ ሚስማር ላይ ተንጠልጥላለች፤ አንዱ ገጿ ነጭ፣ ሌላው ቀይ። የወረደ ሰው ወደ ቀይ ይገለብጣል፣ የተመለሰ ወደ ነጭ። ሰሌዳው በሙሉ ነጭ ሲሆን መርከቧ ትነሳለች። የእኔ ሠላሳ ነበር፣ የእትዬ ሠላሳ አንድ።

ሰሌዳውን የሚጠብቁት አንድ ሽማግሌ መርከበኛ ናቸው። ተሳፋሪው "አቶ ቆጠራ" የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። በወረድን ቁጥር ያስጠነቅቁናል።

"የራሳችሁን ብቻ። የሌላ ሰው እንዳትነኩ።"

እንስቅባቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ትንሽ ከተማ ላይ ወረድን። ስንመለስ እኔ ቀድሜ ደረስኩ። ሰሌዳው ነጭ በነጭ ሆኗል፤ የቀረው የእትዬ ብቻ ነው። እሷ ከመርከብ ማረፊያው ወዲያኛው ጫፍ ላይ በምርኩዟ እያነከሰች ትመጣለች። ስልሳ እርምጃ ቢቀራት ነው። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ከላይ ሰው ያጉረመርማል።

"ማን ነው ያስቆመን?"

አቶ ቆጠራ አንዲት አሮጊት ደግፈው ወደ ውስጥ ገብተዋል።

አፈርኩ። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ስታደርሰኝ በእኔ እርምጃ ልክ ትራመድ በነበረችው እህቴ... እኔ አፈርኩባት።

"ደርሳለች እኮ!" አልኩና ሠላሳ አንድን ገለበጥኳት።

ክፍላችን ገብቼ ፊቴን መታጠብ ጀመርኩ። መርከቧ ስትነቃነቅ ተሰማኝ። ገብታለች ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ፎጣ ይዤ ስወጣ እትዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ መስኮቱን ታያለች።

"መጣሽ?"

"መጣሁ።"

ሌላ ቃል የለም። እትዬ ከተማ ዞራ መጥታ፣ ያየችውን ሰው ሁሉ ሳታማልኝ ዝም?

አልጋው ሥር ጫማዋን አየሁት። የዚያች ከተማ አቧራ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ የእኔ ጫማ መልኩ ጠፍቷል። የእሷ ግን... አንዲት ትቢያ የለበትም።

"መድኃኒትሽን ወሰድሽ?"

"የቱን?"

"አመመሽ እንዴ እትዬ?"

"አላመመኝም።"

ያኔ ነው ልብ ያልኩት። አልጋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ነው የተቀመጠችው።

ሁለቱንም።

ስልኬ የጠራው በዚህ መሃል ነው። ስሙን አየሁት... "እትዬ" ይላል።

"አታንሺው" አለችኝ፣ ሳትዞር።

አነሳሁት።

"አንቺ! ጥላችሁኝ ሄዳችሁ? እየጮህኩ ነበር እኮ!" ታለከልካለች። "እዚህ አንድ ሰው እንኳ የለም..."

ዓይኔን ከአልጋው ሳልነቅል፣ ወደ ኋላዬ እየተራመድኩ ከክፍሉ ወጣሁ። አልዞረችም።

ከዚያ ሮጥኩ።

አቶ ቆጠራ ሰሌዳው ሥር ቆመዋል። ጠጋ ብዬ አንሾካሾክኩ።

"አባባ... እህቴ ቀርታለች።"

"ምን ማለትሽ ነው? ሞልቷል እኮ።"

"እኔ ነኝ የገለበጥኩት።"

ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ክፍላችሁ ውስጥ ሰው አለ?"

"አለ..."

"አነጋገርሽው?"

"አነጋገርኩት።"

"ሰው ጎድሎ መሄድ ያስወቅሳል እንጂ አይጎዳም" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ያልገባን ሰው ገብቷል ብሎ መሄድ ግን... ቶሎ መልሺው ልጄ። የገለበጠው እጅ ነው የሚመልሰው። እኔ ካፒቴኑ ጋ ልሂድ፣ መርከቧን ያዙር።"

እጄን ወደ ቆርቆሮዋ ዘረጋሁ። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው።

"ተመስገን!" አለች እትዬ። "ተመለሳችሁልኝ።"

እጄ አየር ላይ ቀረ።

"ማን... ማን ነው የተመለሰው?"

"መርከባችን ናታ! ይኸው ቆመች። አንቺም ልትቀበይኝ ወርደሻል።"

"እትዬ፣ እኔ አይደለሁም! እንዳትሳፈሪ! ስሚኝ..."

"ደግሞ ከፊቴ ቆመሽ በስልክ ታደርቂኛለሽ? አይ ያንቺ ቀልድ!" ብላ ሳቀች።

ስልኩ ተዘጋ።

ቆርቆሮዋን ገለበጥኳት። ቀይ ሆነች። በኋላ ክፍላችንን የከፈቱት ሰዎች ማንንም አላገኙም፤ አልጋው ላይ ሰው የተቀመጠበት ምልክት እንኳ የለም።

መርከባችን ዞረች። ወንዙ የሚታጠፍበትን ስናልፍ ማረፊያው ታየኝ። አጠገቡ መርከብ ቆማለች። ነጭ፣ ወገቧ ላይ ሰማያዊ መስመር ያላት... ቁርጥ የእኛዋን። ላይኛው ፎቅ በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውናል።

እትዬ ወደ መርከቧ የሚያስገባውን መሻገሪያ እየወጣች ነበር። የእኔን ቀሚስ የለበሰች ሴት ክንዷን ይዛታለች።

ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። እትዬ አልሰማችኝም። ሴትዮዋ ግን ዞረች።

ፊቷ የራሴ ፊት ነው።

ትንሽ አየችኝና ወደ እትዬ ተመለሰች። ምርኩዟን ተቀብላታለች። ፀሐዩን በእጇ ጋርዳላታለች። እትዬ አንድ እርምጃ ስትወጣ አብራት ትወጣለች፤ ስትቆም አብራት ትቆማለች። እትዬ ቀና ብላ አንድ ነገር አለቻት፣ ተሳሳቁ።

አልቸኮለችም። አንድም ጊዜ አልጎተተቻትም።

ቀስ ብላ... ቀስ ብላ ወደ ውስጥ አስገባቻት።