«ቤት ውስጥ ሰው የለም»

በሩ ሲንኳኳ ማሙሽ ማንኪያውን አፉ ጋ ሲያደርስ አቆመው። ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ያለ ልጅ ነው፤ ግን ማንም ሳይነግረው ማኘኩን ተወ። እናቱ እጇን ዘርግታ ሬዲዮኑን አጠፋች። አባቱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ታላቅ እህቱ ቀጮም የራሷን ድርሻ ታውቃለች፤ ከወንበሯ ሳትነሳ ክንዷን ወደ ግድግዳው ሰድዳ መብራቱን ቀጭ አድርጋ አጠፋችው። ገና አልመሸም። ከመስኮቱ የሚገባው አመድማ ብርሃን የአራቱንም ፊት ያሳያል።

በሩ እንደገና ተመታ። በመዳፍ ነው፤ ጠፍ፣ ጠፍ። ስም የሚጠራ ድምፅ የለም።

«ሰውየው ነው?» አለ ማሙሽ፣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ።

ሰውየው በሩ ላይ ከታየ ቆይቷል። የቀጮ አባት ሱቁ በተቃጠለ ጊዜ የተበደረውን ለማስከፈል ይመጣ የነበረ፣ ሳይቆጣ የሚያስፈራ ሰው ነው። ጸጥታውን የተማሩት ያኔ ነው። አባቷ የመጨረሻውን ከፍሎ የመጣ ዕለት ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተዘርግቶ «በቃ፣ ተገላገልን» ብሎ ነበር። ቀጮ ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ይለወጣል ብላ ጠበቀች። ምንም አልተለወጠም። አባቷ ራሱ የበጠሰው የደወል ሽቦ ዛሬም እንደተበጠሰ ነው። ሶፋ የሚያለብስበት የስፌት መኪና ዛሬም አሮጌ አንሶላ ተከናንቦ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ይውላል፣ ሰው አይቶ እንዳይወስደው። ሥራ ሲመጣለት እንኳ ፊቱ አይፈታም።

«ተከፍሎ የለም እንዴ አባዬ?» ብላው ነበር አንድ ቀን።

«ተከፍሏል። ማን አልተከፈለም አለ?» አላት መርፌውን እየተመለከተ። «ይሄ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። አታውቂውም አንቺ።»

አሁን ከበሩ ውጭ አንድ ነገር ሳንቃውን እየታከከ ወደ ታች ሲንሸራተት ተሰማ። ቆይቶ ደረጃውን የሚወርድ ኮቴ መጣ፤ እግር የሚጎተት ይመስላል። ከዚያ ምንም። እናቷ ሬዲዮኑን መልሳ ከፈተች። ማሙሽ የቀዘቀዘውን ጎረሰ።

ጩኸቱ ከታች የመጣው ሳህኖቹ ሳይነሱ ነው። የፎቁ ዘበኛ ነበር፤ «የሰው ያለህ! ሹፌሩ ወድቋል!» እያለ።

ሹፌሩ ፊት ለፊታቸው ባለው ቤት የሚኖር፣ የቀጮ ጓደኛ የፍንጭት አባት ነው። አስም አለበት። ወትሮ ደረጃውን ሲወጣ ከታች ጀምሮ «እናንተ ሰዎች፣ ሞታችኋል ወይስ አላችሁ?» እያለ በመኪናው ቁልፍ የደረጃውን ብረት ያንኳኳል። ዛሬ ግን ለመጮህ ትንፋሽ አልነበረውም።

ማንም ማንንም አላየም። እናቷ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ባዶ ዘንቢሏን አንጠለጠለች፣ ከዚያም ገና ከገበያ እንደገባች ሰው በደረጃው ወረደች። «ምነው? ምን ተፈጠረ? እኛ እኮ ገና አሁን መግባታችን ነው!» ስትል ቀጮ ከላይ ሰማቻት። በእግሯ የቤት ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ነበር። በዚያ ግርግር ማን ያያል?

ጠዋት በሩ ላይ፣ አቧራው ውስጥ፣ ላብ ያራሰው መዳፍ ታትሞ ነበር። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ያንኳኳው ሰው ተንበርክኮ እንደነበር ያስታውቃል። እናቷ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው።

ፍንጭት ወደ ትምህርት ቤት ስትመለስ ዓይኖቿ አብጠው ነበር። ስሙን ያወጣላት የፊት ጥርሷ ነው፤ ራሷም ትስቅበታለች። የዚያን ቀን አልሳቀችም። ሁለቱም ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ያለው ግንብ ላይ ተቀመጡ።

«ዓይኑን ይገልጣል፤ ግን አያውቀኝም» አለች። «አየር ሳያገኝ ቆይቷል አሉኝ ሐኪሞቹ። ትንሽ ቀደም ብለው ቢያደርሱት ኖሮ…»

ቀጮ የእስክርቢቶዋን ክዳን ትነክሳለች።

«አንቺ ደግሞ፣ ጠርተውሽ እንኳ ከቤት የማትወጪ፣ ያን ቀን ምን እግር ጥሎሽ ወጣሽ?» አለች ፍንጭት። ቀልድ ልታስመስለው ፈልጋ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ተሰበረ።

«ገበያ… ገበያ ነበርን።»

«እሱማ እናትሽ ነግራኛለች። እናንተን ምን ልላችሁ ነው? ጥፋቱ የኔ ነው። ቀጥ ብለሽ ግቢ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ኳስ ልጫወት ብዬ ቀረሁ። ፎቁ ላይ ማንም አልነበረም እኮ፣ ቀጮ። እኔ ብኖር ኖሮ የሚደርስለት ሰው ነበረው።»

ቀጮ አፏን ከፈተች። ደወሉ ተደወለ። አፏን ዘጋች።

ቤት ስትገባ አባቷ የሶፋ ልባስ እየሰፋ ነበር።

«አባዬ፣ ለፍንጭት እንንገራት። ራሷን እየወቀሰች ነው።»

መርፌው ቆመ። «ምን ብለን?»

«ቤት ነበርን ብለን።»

«ከዚያስ? በናንተ ምክንያት ነው፣ ሕክምናውን እናንተ ቻሉት ቢሉንስ? ከየት አመጣለሁ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ በሩ ጀርባ ሰው ያለ ይመስል። «ከስንት አሳር ነው የወጣሁት። መልሰሽ ልትከቺኝ ነው?»

ልትቆጣው ፈልጋ ነበር። ግን እጁን አየችው። ክሩን ወደ መርፌው ቀዳዳ ያስጠጋል፣ ይስታል፣ በምራቁ ያሾለዋል፣ ደግሞ ይስታል። መርፌውን ከእጁ ተቀብላ ክሩን አስገባችለትና መልሳ ሰጠችው።

ራት ላይ በሩ ተንኳኳ። አሁን በጣት አንጓ ነው።

«ቀጮ?» አለ ድምፅ ከውጭ። «ቤት ናችሁ?»

ሬዲዮኑ ጠፋ። አባቷ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «ገንዘብ ልትጠይቀን ነው» አለ በሹክሹክታ። እናቷ ሳህኑን አቀርቅራ ታያለች። ማሙሽ ትንፋሹን ይዟል፤ ጉንጮቹ ተነፍተዋል፤ ዓይኖቹ ቀጮን ይጠብቃሉ። መብራቱ የሷ ሥራ ነው።

እጇ በልማድ ወደ ግድግዳው ሄደ። ማጥፊያውን ነካች።

ከዚያ እጇን መለሰችና ወንበሯን ድምፁ እንዲሰማ እየጎተተች ተነሳች።

«ቀጮ!» አለ አባቷ። አልጮኸም። ለመነ።

በሩን ከፈተችው። ፍንጭት ልብስ የታጨቀበት ከረጢት ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች።

«ውይ፣ እንኳን አላችሁ! ሆስፒታል፣ አባዬ ጋ ማደሬ ነው። የቤቱን ቁልፍ እናንተ ጋ ላስቀምጥ ብዬ። ከናንተ ሌላ ማንን አምናለሁ?»

ቁልፉን ዘረጋችላት። ከመኪናው ቁልፍ ጋር ነው የታሰረው። ቀጮ አልተቀበለችውም።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች። «ያን ቀን ገበያ አልነበርንም።»

ከኋላዋ ማሙሽ የያዘውን ትንፋሽ ሲለቀው ተሰማት።