የሲራኤል ቋጠሮ

በአዝማራ መንግሥት የዙፋኑ ደወል ማንም ሳይነካው ጮኸ። ደወሉ በገዛ ራሱ ሲጮህ አንድ ጀግና በቁሙ ይጠፋል ይባል ነበርና አገር ሁሉ ደነገጠ። እውነትም በዚያው ዕለት የጦር አለቃው ጎርባን በውጊያ ላይ ራሱን በመዶሻ ተመትቶ ወደቀ። ነፍሱስ ተረፈች፤ ሲነቃ ግን የገዛ ሚስቱን ሲራኤልን ሽቅብ ቁልቁል አይቶ «ይህች ሴት ማን ናት?» አለ።

ይባስ ብሎ ይህን የጠየቀው ቁስሉን የምታጥበውን አስታማሚ ምንታይን ነበር፤ ያውም እጇን እንደያዘ! ሲራኤል፣ ያቺ በቀስቷ አገር ያንቀጠቀጠች ሲራኤል፣ አንጀቷ እርር አለ። በአዝማራ ሙሽራ በሠርጓ ቀን የባሏን የወገብ ድግ የምታስርበትን የራሷን ቋጠሮ ትፈጥራለች፤ ከእሷ በቀር ማንም አያስረውም፣ ማንም አይፈታውም። ይህች አስታማሚ ግን ድጉን በራሱ ቁስል ላይ ጠምጥሜ ደሙን ላቁም ብላ ፈታችው።

«ስትፈቺው እጅሽ አልተንቀጠቀጠም?» አለቻት።

«ተንቀጥቅጧል፣ እመቤቴ፤ ደሙ ግን ፋታ አልሰጠኝም» አለች ምንታይ አንገቷን ደፍታ። ትሕትናዋ ደግሞ ሲራኤልን ይበልጥ አበገናት።

የቤተ መንግሥቱ ሐኪም ዖዛም ፍርዱን ሰጠ፦ «እመቤት ሆይ፣ ፍቅር የሚሉት ነገር በራስ ቅል ውስጥ ያለ ለስላሳ ሥጋ ሥራ ነው። አንቺ የነበርሽበት ሥጋ ተጨፍልቋል። ከእሱ ሌላ መኖሪያ የለሽም።»

«እንግዲያ ትዳሬ አንድ እፍኝ ሥጋ ነበር በለኛ!» ብላ ጮኸች። ቀስቷንም ከፍ አድርጋ ማለች፦ «የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ! የጠፋ ትዝታን ሁሉ የሚውጠውን ገሙርን ከዋሻው ገጥሜ የባሌን ትዝታ ሳላስመልስ ይህን ደጅ አልረግጥም!»

ጎርባንንም ይዛ ተነሣች፤ እሱ ግን ከምንታይ እጅ ካልሆነ አልበላም ስላለ ምንታይም አብራ ሄደች። ወይ ጣጣ! ሲራኤል በጨው በረሃው ከፊት እየጋለበች፣ ከኋላ ሳቃቸውን ስትሰማ ጥርሷን ታፋጫለች። በየማለዳው ምንታይ ድጉን ስታስርለት ፊቷን ታዞራለች። የሌላ ሴት ቋጠሮ በባሏ ወገብ ላይ ከማየት ሞቷን ትመርጥ ነበርና አንድም ቀን ወደዚያ አልተመለከተችም።

ገሙርን ከዋሻው አፍ አገኙት፤ ዓይን የለሽ፣ ቁመቱ ዝግባ የሚያህል አውሬ ነበር። ሲታገሉ ዋሉ፤ በመጨረሻ የሲራኤል ፍላጻ ጉሮሮውን በሳው። አውሬውም እያጣጣረ ተናገረ፦ «ድል ነሥተሽኛልና የጎርባንን ትዝታ እመልሳለሁ። ነገር ግን ባዶ ሆዴን አልሞትም፤ በምትኩ ከመካከላችሁ አንዱ ትዝታውን ሁሉ ይስጠኝ።»

ሲራኤል አንድ እርምጃ ተራመደችና ቆመች። ሞትን ፈርታ አይደለም። «እኔ ረስቼው እሷ ልታስታውሰው?» የሚል ቅናት እግሯን ያዘው። እሷ ስታመነታ ምንታይ አልፋት ሄዳ ግንባሯን ለአውሬው ምላስ ሰጠች።

«ሲራ!» አለ ጎርባን ከኋላ። የድሮው ድምፁ ነበር። ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ተያይዘው አለቀሱ። ገሙር በደረቱ ተደፍቶ ሞተ። ምንታይ ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ «እናንተ ሰዎች፣ ከየት ናችሁ? እኔስ ማን ነኝ?» ትላለች።

ሊነሡ ሲሉ የጎርባን ድግ ተፈትቶ ወደቀ። ሲራኤል ሳትደርስበት ምንታይ አነሣችው፤ እሱም ሳያስተውል ክንዶቹን ከፍ አደረገላትና አሰረችለት። ሲራኤል ያኔ ገና ወደ ቋጠሮው አየች። የራሷ ነበር፤ በሠርጓ ቀን የፈጠረችው፣ ጫፉ ወደ ልብ የሚዞረው። ምንታይ ያን ጊዜ ስትፈታው አስተውላው፣ በየማለዳው ያንኑ ስታስርለት ኖራለች።

«ማን አስተማረሽ?» አለቻት ሲራኤል።

«እንጃ፣ እህቴ» አለች ምንታይ የገዛ እጇን እያየች። «እንዲህ የሚታሰር መሰለኝ።»

ዖዛም በአጠገቧ ቢኖር አንቃ ትጠይቀው ነበር፤ በምንታይ ራስ ቅል ውስጥ አንዳች ትዝታ ካልቀረ ይህን እጅ ማን ላከው? ቅናቱ አልለቀቃትም፤ እሷ ያመነታችበትን ያቺ አድርጋዋለችና እንዲያውም ባሰባት። ቋጠሮውን ፈትታ በራሷ እጅ ልታስረው ጣቶቿን ሰደደች። ከዚያ ተወችው፤ ምንታይንም በፈረሷ ላይ ከፊቷ አስቀምጣ ወደ አዝማራ ጋለበች።