ጉራቻን የሚያበላ እጅ

በቦርከና ወንዝ ዳር ያለች የዚያች መንደር ውሾች አይጮኹም ነበር። እንግዳ ሲመጣ ከአጥሩ ሥር ቀና ይላሉ፤ የጎድን አጥንታቸው ፈጥጦ፣ ሰውየውን ሳይሆን ከጀርባው ያለውን ባዶ አየር የሚያዩ ይመስል ትክ ብለው ይቀራሉ። የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ፊርደውስ ከከሚሴ በባጃጅ ተነሥታ፣ የጨፋን የማሽላ እርሻ አቋርጣ መጀመሪያ የደረሰች ዕለት ልቧን ያቀዘቀዘው ይኸው ዝምታ ነው።

ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው በውሾች ላይ ለወራት የሚዘልቀውን የሆድ ሕመም ነበር። ውሻው ይበላል፤ ግን አይፋፋም። ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል፤ የትል መድኃኒትም አይፈይደውም። ዐሥራ ሁለት ውሾች መርጣለች። አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ጥብቅ ነው፦ ስድስት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱ ውሻ ከተቀቀለ ድንችና ከፍየል ሥጋ በቀር ምንም አይቀምስም። የተሻለው ውሻ፣ ሕመሙ ከለመደው ምግብ እንደነበር ይታወቃል። አንድ ጉርሻ ከውጭ ከገባ ግን የዚያ ውሻ ውጤት ከንቱ ነው።

ዐሥራ ሁለተኛው ውሻ ጉራቻ ይባላል፤ በኦሮምኛ ጥቁር ማለት ነው፤ መልኩም እንደ ስሙ። ጌታው ከማል ባለፈው ነሐሴ በደራሽ ውሃ ተወስዶ፣ ሬሳው በሦስተኛው ቀን ተገኝቶ ከመንደሩ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ተቀብሯል። ውሻውን በገመድ ይዞ ያቀረበላት የሟቹ ታላቅ ወንድም ሪድዋን ነበር፤ ረጅም፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ በገዛ ግቢው ውስጥ እንኳ የእግሩን ኮቴ ሳያሰማ የሚራመድ ገበሬ።

ፊርደውስ የውሻውን ደም ቀድታ፣ አፉን ከፍታ ድዱን አይታ ስትጨርስ ጀሪካን አንሥቶ መጣ።

«እጅሽን ዘርጊ ዶክተር። እናቴ እያየች ነው።»

ከቤቱ ደጃፍ ላይ አንዲት ቀጭን ሴት ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ቆመዋል።

«ጓንት አድርጌ ነበር እኮ።»

«ጓንት አታውቅም እሷ። የውሻ ለሀጭ የሚታጠበው ሰባት ጊዜ ነው፤ አንዱ በአፈር። ከዚያ ባነሰ ከእንስራዋ አታስጠጋሽም፤ እኔንም አብራ ታባርረኛለች።»

ከመሬት አፈር ቆንጥሮ መዳፏ ላይ አኖረ፤ ውሃውን በቀስታ አፈሰሰው። በሦስተኛው ላይ ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኑን ሰበረ። በአምስተኛው ላይ እሱ አያት፤ ውሃው በአንጓዋ ላይ ተንጠባጠበ።

«ስንት ደረስን?» አለችው።

«አምስት መሰለኝ።»

«ስድስት ነው።»

«እንግዲህ ከተጠራጠርን እንደ አዲስ ነው» አለ፣ ፊቱ ሳይፈታ።

እንደ አዲስ ጀመሩ።

ከዚያ ወዲያ ፊርደውስ ውሾቹን ለመመዘን በየሐሙሱ ስትመጣ ሚዛኑን የሚሸከምላት እሱ ሆነ። አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ሦስት ግቢ ይዞራሉ፤ ከዝምታቸው ግን ሁለቱም ጠግበው ይመለሱ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ሪድዋን ፊርደውስን ማግባት እንደሚፈልግ ለእናቱ ለመሪየም ነገራቸው። እሳቸውም ቀና ብለው ሳያዩት፣ ውሻን በኦሮምኛ ሳሬ እያሉ መለሱለት።

«ሳሬ ስትዳስስ የምትውል እጅ የኔን እቃ አትነካም። ከከማል ወዲህ በዚህ ቤት የምፈልገው ንጽሕና ብቻ ነው። እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም።»

ሪድዋን ይህን ለፊርደውስ ሲነግራት ከጉራቻ ፊት ቁጢጥ ብሎ ነበር። ያለ እናቱ ፈቃድ እንደማያገባ ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንድ ልጅ ቀብረው ሌላውን በማኩረፍ እንዲያጡ አይፈርድባቸውም።

የጉራቻም ነገር ከዚሁ ጋር ተወሳሰበ። የሌሎቹ ዐሥራ አንድ ውሾች ሁኔታ እየለየ ነው፤ ከፊሎቹ ጠጉራቸው ማብረቅረቅ፣ ጠንካራ ዓይነ ምድር መጣል ጀምረዋል። ጉራቻ ግን ሳህኑን አሽትቶ ይተወዋል። ሳይበላ ይውላል፤ አይሞትም። ሆዱ ግን ከሳምንት ሳምንት እየባሰበት፣ ወገቡ እየሟሸሸ ሄደ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የአስር ሰላት ሲቃረብ ይነሣና ወደ መቃብሩ ጉብታ ይወጣል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አፉ ረጥቦ ይመለሳል።

«ሟቹ ነው የሚያበላው» አለቻት ጎረቤቲቱ ሰዒዳ፣ እንደ ተራ ወሬ። «ወላሂ እዚያ ላይ ከማል ተብሎ ሲጠራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከብቶቼን በዚያ በኩል መንዳት ትቻለሁ።»

ፊርደውስ ሪድዋንን ጠየቀችው። «ለምን አታስረውም?»

«አስሬው አይቻለሁ። ወደ እርሻ ከመውረዴ በፊት ከግንዱ ጋር አስረዋለሁ፤ ስመለስ የለም። ገመዱ አልተበጠሰም፤ አልተታኘከም። ተፈቷል።»

«ውሻ ቋጠሮ ይፈታል?»

«እሱን ነው የምልሽ።»

በአምስተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ፊርደውስ ማንም ሳይጠራት መጣች፤ ውሻውንም በሩቁ ተከትላ ጉብታውን ወጣች። ከታች ረግረጉ የኅዳር ጭጋግ ግራጫ መጋረጃ ለብሷል፤ ከቄጠማው ውስጥ አንድ ወፍ እንኳ አይሰማም። ጉራቻ ከአንድ አዲስ የድንጋይ ክምር ፊት ተኛ። ጥቂት ቆይቶ ጆሮውን አቆመ። ጅራቱን ቆላ፤ በፊቱ ማንም አልነበረም። ቀና ብሎ፣ ቁመቱን የሚያውቀውን ሰው ፊት እንደሚልስ፣ ባዶውን አየር ላሰ።

ፊርደውስ የራሷን ትንፋሽ ሰማች። ያን ጊዜ ከመቃብሮቹ መካከል ድምፅ መጣ።

«ከማል። ና ብላ የኔ ልጅ። ና፣ ትኩስ ነው።»

መሪየም ነበሩ። ቅል ታቅፈው በማዶ በኩል ወጡ። ከድንጋዩ ሥር ተቀመጡ፤ ወተቱን በመዳፋቸው እየቀዱ፣ ሰባት ጊዜ ባልታጠበ፣ ጓንት ባላየ ባዶ መዳፋቸው፣ ለውሻው አጠጡት። ጉራቻ ጭንቅላቱን በጭናቸው ላይ ጣለ። እሳቸውም የግንባሩን ጠጉር የሕፃን ፀጉር እንደሚያበጥር ሰው ወደ ኋላ አስተኙት።

አንድ ጠጠር ከፊርደውስ ጫማ ሥር ተንከባለለ።

«አየሽኝ» አሉ መሪየም ሳይዞሩ።

«አየሁዎት እማማ።»

«ከማል ከሞተ ዕለት አንሥቶ ሳሬው ከውሃው አፋፍ ሦስት ቀን አልተነሣም። ያገኘው እሱ ነው። አፉ ልጄን የነካ የመጨረሻው አፍ ነው፤ በእጁ ጎትቶ... በጥርሱ ጎትቶ ያወጣው።» የውሻውን አፍ በመዳፋቸው ጠረጉ። «እኔ ንጽሕናን የማላውቅ አይደለሁም። ግን በዚህ አፍ ውስጥ የልጄ ነገር አለ።»

ፊርደውስ ቀርባ ቁጢጥ አለች። ጉራቻ የተፋውን ቢጫ አረፋ፣ የታጠፈ ጎኑን አየች።

«ወተቱ ነው እማማ የሚገድለው። ሆዱ አይችለውም።»

«ከኔ እጅ በቀር አይበላም።»

«ይህ ሲሆን ሪድዋን ያውቃል?»

አሮጊቷ አሁን ዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ የነበረው ፍርሃት ሙታንን መፍራት አልነበረም፤ ሕያዋንን መፍራት ነበር። መንደሩ አበደች ይላቸዋል፤ ልጃቸው ያፍርባቸዋል።

«ዝም በይልኝ» አሉ። «ዝም ካልሽ ለሪድዋን ዛሬ ማታውኑ እሺ እለዋለሁ። ውሰጂው። ይኼን ሰዓት ብቻ ተይልኝ።»

ነፋስ ተነሥቶ ጭጋጉን በመቃብሮቹ መካከል ነዳው። ፊርደውስ የምትፈልገው ሁሉ በአንዲት ቃል ርቀት ላይ ነበር። ዝም ብትል ሪድዋን የእሷ ነው፤ በመዝገቧም ላይ «ምክንያቱ ያልታወቀ» ብላ ታልፈዋለች፤ ጉራቻም በአንድ ወር ውስጥ ያልቅለታል። ከሞተ በኋላስ እኚህ ሴት በዚህ ጉብታ ላይ ማንን ያጠጣሉ?

«ለሪድዋን አልነግረውም፤ ምስጢሩ የእርስዎ ነው» አለች በመጨረሻ። «ግን በዚህ ዋጋ አልገዛውም። ድንቹንና ሥጋውን ከእጅዎ ይስጡት፤ ከእርስዎ ከሆነ ይበላል። ወተት ካጠጡት ግን ሁለተኛ ይቀብሩታል።»

መሪየም ቅሉን አንሥተው ወረዱ።

ያን ዕለት በመዝገቧ ላይ «ወተት፣ በየቀኑ፣ ከሰው እጅ» ብላ ጻፈች፤ የዐሥራ ሁለተኛውንም ውሻ ውጤት ሰረዘች። እጁ የማን እንደሆነ አልጻፈችም።

ሐሙስ ዕለት ሪድዋን ሚዛኑን አልተሸከመላትም። ከአጥሩ ውጪ ጠበቃት።

«እናቴ ወደ ግቢው እንዳትመጪ ብላለች። ምን አደረግሻት?»

«ውሻውን ወተት የሚያጠጣ ሰው አለ። ደርሼበታለሁ።»

«ማን ነው?»

«አልነግርህም።»

«ለኔም?»

«ላንተም።»

ሪድዋን እጁን ከአጥሩ ላይ አነሣ። በመካከላቸው ያለፈው ነገር ቁጣ አልነበረም፤ ከቁጣ የከፋ፣ በሌላ ሰው ቤት ውስጥ ብቻውን እንደቀረ እንግዳ ያለ ባይተዋርነት ነበር። «እሺ» አለና ወደ ግቢው ገባ። ፊርደውስ ከዚያ በኋላ የጉራቻን ቀለብ በሰዒዳ በኩል ብቻ ትልክ ጀመር። መበላት አለመበላቱን የሚነግራት አልነበረም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። በከሚሴ የገበያ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ከእንስሳት ክሊኒኩ ፊት አንድ ባጃጅ ቆመ። በመጀመሪያ ጉራቻ ወረደ፤ ቀጥሎ ገመዱን የያዙት መሪየም፤ በመጨረሻ ሪድዋን። ፍየል ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ንግግራቸውን አቋረጡ። የቦርከናዋ መሪየም፣ ውሻ ያለፈበትን ደጅ በውሃ የሚያስጠርጉት ሴት፣ ውሻ እየሳቡ በገበያው መሐል አልፈው ነበር።

«አካም ጅርታ ዶክተር» አሉ ከበሩ ላይ፣ በኦሮምኛ ሰላም ሲሏት። «መዝኚው።»

ሦስት ኪሎ ጨምሯል። ጎኑ ሞልቷል፤ ጠጉሩ እንደ ሐር ተኝቷል።

«ነግሬዋለሁ» አሉ መሪየም በአገጫቸው ወደ ሪድዋን እየጠቆሙ። «ሁሉንም። ገመዱን የምፈታው እኔ እንደነበርኩም።»

ሪድዋን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። «ሦስት ሳምንት ሙሉ አኩርፌሽ» አለ ዝቅ ብሎ። «አንዲት ቃል ብትናገሪ ኖሮ ኩርፊያው ይቀርልሽ ነበር።»

«ቃሏ የኔ አልነበረችም።»

ሪድዋን አያት፤ ዓይኑን አልሰበረም።

ፊርደውስ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የውሻውን ሆድ አዳመጠች። መሪየም ጎንበስ ብለው ሲያይዋት ቆዩና እጃቸውን ዘረጉ። አውልቃ ሰጠቻቸው፤ በሻሻቸው ሥር ጆሯቸው ላይ አስተካከለችላቸው።

አሮጊቷ ደነገጡ። «ሰው አለ» አሉ። «ውስጡ የሚናገር ሰው አለ።»

«አንጀቱ ነው እማማ። ጤነኛ ሆድ ዝም አይልም፤ ክፉኛ ሲታመም ነው ዝም የሚለው።»

መሪየም እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟት። ክፍሉ ውስጥ የጉራቻ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ በኦሮምኛ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ፣ ከማል ብለው የሆነ ነገር ጠየቁ። ጠበቁ። ከዚያም መልስ እንደሰማ ሰው ራሳቸውን በዝግታ ነቀነቁ፤ እንባቸው በአፍንጫቸው ጥግ ወርዶ በውሻው ጥቁር ጠጉር ላይ ጠፋ።

«ሪድዋን» አሉ፣ ማዳመጫውን ሳያወልቁ። «ወደ አባቷ ሽማግሌ ላክ።»

«እማዬ፣ አንቺ እኮ...»

«ወንድምህ እሺ ብሏል።»

ሪድዋንና ፊርደውስ ተያዩ። ሁለቱም አላረሟቸውም።