የመሩግ ዘንዶና የነጣው ወንዝ

በሰርማዝ መንግሥት ታላቁ የጥልዋ ወንዝ እንደ ወተት ነጣ፤ ከእሱ የጠጣም የሚወዳቸውን ሰዎች ረሳ። የንጉሡ ራእይ ተርጓሚ «ምንጩን የመረዘችው የመሩግ ተራራ ዘንዶ ናት! ትገደል!» ብሎ አወጀ። ሠራዊቱ ጦሩን ሳለ።

ባሕር ማዶ ተምራ የተመለሰችው ወጣት ተመራማሪ አዝማራ ግን ተጠራጠረች። አባቷ ከወንዙ ጠጥቶ ረስቷታል። ወንዙ ሳይነጣ የተቀዳው የእናቷ የጋን ውሃም እያለቀ ነበር። አዝማራ በአገሩ ልማድ እጇን በፍም ላይ ዘርግታ «የተመኘሁትን ሳይሆን ያገኘሁትን እናገራለሁ» ስትል በንጉሡ ፊት ማለች። ከጦረኛው ጎንዛና ሰው ማነጋገር ከምታውቀው ከሲሬት ጋርም ወደ መሩግ ወጣች።

በየመንደሩ የረሱትን ቆጠረች። ወደ ዘንዶዋ ዋሻ በተጠጉ ቁጥር የረሱት ሰዎች በዙ።

«በቃ፣ ቁጥሩ ፈረደባት» አለ ጎንዛ ጦሩን እያነሣ።

«ቁጥሩ የት እንደሆነ ነገረን እንጂ ለምን እንደሆነ መች ነገረን? አስቀምጠው» አለች አዝማራ።

ሲሬት አንዲት አሮጊት አጠገብ ተቀምጣ ጠየቀቻቸው።

«አዬ ልጄ» አሉ አሮጊቷ፣ «ዘንዶዋ እኮ ምንጩ ውስጥ ነበር የምትተኛው። አዳኞች ክንፏን ወግተው ዋሻ ከሰደዷት ወዲህ ነው ውሃው የነጣው።»

«ምናልባት መርዙን የሚያጠፋው ሙቀቷ ይሆናል» አለች አዝማራ።

«ንጉሡ በምናልባት ጦር አይመልሱም፣ እመቤቴ!» አለ ጎንዛ።

ስለዚህ ከአንድ ምንጭ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ቅል ውሃ ቀዱ። ዋሻው ገብተውም አንዱን ቆስላ በተኛችው ዘንዶ ጎን አሞቁት። ንጉሡ ከሠራዊቱ ጋር ሲደርሱ ጎንዛ የሞቀውን ጨለጠና የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ጠራ።

«ምንጩ ራሱ ድኖስ እንደሆነ?» አለ ራእይ ተርጓሚው።

«ትክክለኛ ጥያቄ ነው» አለች አዝማራ። «ያልሞቀውንም የሚጠጣ ያስፈልጋል። ይህን ከሌላ ሰው ልጠይቅ አልችልም።»

ሲሬት ሳትደርስባት አዝማራ ራሷ ጠጣችው። ወዲያው ወደ ሲሬት ዞራ «ይቅርታ፣ ማን ልበልሽ?» አለቻት።

ንጉሡ ከፈረሳቸው ወርደው ሠራዊቱን መለሱ። የዘንዶዋ ክንፍ ታከመ። ወደ ምንጩ ስትገባ ተራራው በእንፋሎት ተሸፈነ፤ ጥልዋም ጠርቶ ወረደ።

እናቷ አዝማራን በደጃፏ አቅፋ «ልጄ ነሽ» አለቻት።

አዝማራ ፊቷን ትክ ብላ አየች። «ሊሆን ይችላል» አለች በጨዋነት። «ግን በምን እናረጋግጣለን?»

እናቷ እያለቀሰች ሳቀች። «እሷው ናት! ነይ፣ ተቀመጪና ጠይቂኝ።»