ለብቻው የሚዞር ዘንግ

ሾፌሩ ከአቧራው ማዕበል ሲወጣ አንድ ዓይኑ መንገዱ ላይ፣ አንድ ዓይኑ አጠገቡ በተቀመጠው መካኒክ ላይ ነበር። መካኒኩ የእህቱ ባል ነው። ምን ያደርጋል፣ አያምነውም! ባለፈው ወር ባልና ሚስት ተጣልተው፣ ቀያሿ እህቱ ኩርፊያዋን ይዛ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የሥራ ሰፈር ሄደች። ዛሬ ጠዋት እባብ እንደነደፋት በሬዲዮ ተሰማ። መድኃኒቱ ሾፌሩ እግር ሥር፣ በበረዶ ሳጥን ውስጥ ነው። ሳይመሽ ካልደረሰ አከተመላት።

«ይሄ ሰውዬ እንድትድን ይፈልጋል?» ይላል ሾፌሩ በሆዱ።

መኪናዋ በአራቱም ጎማ የምትጎትት የመካኒኩ መኪና ናት። ሾፌሩ ደግሞ ዕድሜውን የፈጀው የከተማ አውቶቡስ ላይ ነው። ለዕረፍት ሲቆሙ መካኒኩ የፊት ጎማዎቹ ሥር ቁጢጥ ብሎ በእያንዳንዱ ጎማ መሃል ላይ ያለ ነገር በእጁ አዞረ።

ሾፌሩ አየው። «አሃ! ጎማ ሊያስወልቅብኝ!» መካኒኩ ሊሸና ዘወር ሲል ሹልክ ብሎ ሄደና ሁለቱንም ወደ ነበሩበት መለሳቸው።

ወንዙ ደፍርሷል። ገቡበት። እኩሌታው ላይ የኋላ ጎማዎቹ አሸዋ ቆፍረው ሰመጡ። መካኒኩ የአራት ጎማውን ማርሽ አስገባ፤ መኪናዋ ጮኸች እንጂ ንቅንቅ አላለችም። ውኃው ከበሩ እኩሌታ አለፈ። ከወዲያ ዳር አንድ አዞ ተንሸራቶ ገባ።

«ምን አድርገሃት ነው፣ አንተ!» ሾፌሩ አንገቱን አነቀው።

«ልቀቀኝ፣ ጋሼ! የፊቱ ዘንግ እየዞረ ነው፣ ይሰማኛል። ጎማው ግን አልያዘውም። ጎማው መሃል ላይ ያለው መቆለፊያ ካልተቆለፈ ዘንጉ ለብቻው ነው የሚዞረው። እኔ በእጄ ቆልፌዋለሁ!»

ሾፌሩ አንገቱን ለቀቀው። ወይ ጉድ! ገባው።

«እኔ ነኝ የፈታሁት።»

መካኒኩ ወርዶ ሊቆልፍ በሩን ሊከፍት ሲል ሾፌሩ ገፋው። «አንተ መሪውን ያዝ!»

ዘሎ ወንዙ ውስጥ ገባ። ውኃው ደረቱን እየመታው የመጀመሪያውን በዳበሳ ቆለፈ። በመኪናዋ አፍንጫ ዞሮ ሁለተኛውን ሲይዝ መካኒኩ ጥሩምባውን አንባረቀው። አዞው ቀርቧል። ጣቶቹ ተንሸራተቱ፤ እንደገና ጨመቀው፤ ቀጭ አለ። ኮፈኑ ላይ እንደ ድመት ወጣ።

«ንዳት!»

የፊት ጎማዎቹ አሸዋውን ነክሰው ጎተቱ። ዳር ወጡ።

ሰፈሩ ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ነርሱ መድኃኒቱን ሰጣት። እስክትነቃ ሁለቱም ከአጠገቧ አልተነሱም።

«ምነው እንዲህ ዘገያችሁ?» አለች፣ ድምጿ ደክሞ።

«መንገዱ ነው» አላት ባሏ ቶሎ ብሎ።

«መንገዱ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አለ ሾፌሩ። «ባልሽ የቆለፈውን እኔ ፈታሁት። ሞትሽን የሚፈልግ መስሎኝ።»

እህቱ ያበጠ እጇን ለባሏ ዘረጋች። ወንድሟን ቀና ብላ አላየችውም። ሾፌሩ ሊወጣ ሲነሳ፣ መካኒኩ ከአግዳሚ ወንበሩ ላይ ጠጋ አለለት።

«ቁጭ በል፣ ጋሼ።»