አንድ ለአምስት

«አንድ ለአምስት ማለት አንድ ሲደመር አምስት አይደለም እኮ!» አለች ዶርቃ። «ጠቅላላው ነው አምስት እጅ የሚሆነው። አቼቶው አስር ሚሊ ሊትር ከሆነ ውሃው አርባ ነበር። አንቺ ሃምሳ ገለበጥሽበት።»

«የጥናት ቡድናችንስ? አንድ ለአምስት ተብለን ስድስት አይደለን?»

«ያ ሰው ነው፣ ይሄ አቼቶ ነው! ፋራ!»

ሃይሚ ሳቋ መጣና ዋጠችው። «እንግዲያው ይደፋና ከመጀመሪያው እንጀምር።»

ዶርቃ በላብራቶሪው መስኮት ወደ ግቢው በር አየች። የቤታቸውን ዕቃ የጫነው አይሱዙ ቆሟል። ወንጌላዊው አባቷ ወደ ሻሸመኔ ተዛውረዋል፤ ዛሬ ዶርቃም ከቤተሰቧ ጋር ትሄዳለች። ቲቸር ጎበና ደግሞ ሥራውን ያልጨረሰ ተማሪ አይለቁም።

«ሃይሚዬ፣ አባዬ እየጠበቀኝ ነው። ዝም ብለን በአምስት እናባዛው።»

«በአምስት ካባዛነው ውሸት ነው።»

ሃይሚ ልክ ነበረች። ግን መድፋትም አያስፈልግም ነበር። የቀጠነው አቼቶ ጥንካሬ ተለክቶ 0.14 ሞላር ሆኗል። አስሩ ስልሳ ከሆነ ስድስት እጥፍ ቀጥኗል ማለት ነው፤ በስድስት ማባዛት ብቻ ይበቃል። ይህ የገባት ገና ዶርቃ ስትጮህባት ነው። አልተናገረችም። እንደገና ከጀመሩ ዶርቃ እስከ ደወሉ አጠገቧ ትቆማለች፤ ጠብታ ትቆጥራለች፣ «ቀስ በይ» እያለች ትነዘንዛታለች።

አይሱዙው ጥሩምባ ነፋ። ዶርቃ ብልቃጡን አንስታ ልትደፋው ወደ ገንዳው ሄደች። ለትልቅ ሰው የተሰፋው የሃይሚ ወንድም ጋውን እጅጌው ሁለቴ ታጥፎም የዶርቃን እጅ ሸፍኖታል። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሁለቱም እየተፈራረቁ የሚለብሱት እሱን ነው።

«ተይው» አለች ሃይሚ። «አትድፊው። የቀጠነው ስድስት እጥፍ ነው፤ ዳይሉሽን ፋክተራችን ስድስት ነው።»

ዶርቃ ዞረች። በልቧ አሰላችው። «0.84...» ከዚያ ሃይሚን አየቻት። «ቅድም ታውቂ ነበር?»

ሃይሚ መልሱን እየጻፈች ነበር።

ቲቸር ጎበና መጡ። «አንድ ለአምስት አላልኩም?»

«ተሳስቼ ሃምሳ ውሃ ጨመርኩ፣ ቲቸር። ስለዚህ በስድስት አባዛነው» አለች ሃይሚ።

«የሠራችሁትን ነው የጻፋችሁት። ጨርሳችኋል» ብለው ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ አለፉ።

ዶርቃ ጋውኑን አውልቃ የሃይሚ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችውና ወጣች። ክፍሉ በቧንቧና በብልቃጥ ድምፅ ተሞልቷል። ሃይሚ እጇን በታጠፈው እጅጌ ውስጥ አስገባች፤ እጥፉን ሳትፈታው የመለኪያውን ቱቦ ማጠብ ጀመረች።

«በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ!» አለ ከኋላ አንዱ።